ጠብ እስኪል

ከዳውጋቫ ማዶ፣ ትራም በሚያድርበት፣
ዘይት በጣሳው ውስጥ በብርድ በረጋበት፣
ስካይድሪቴ መጣች፤ ጓንቷን በጥርሷ አውልቃ፣
ሰማያዊ ብዕር ከጉያዋ መንጭቃ፦
«አንተ ባለ መፍቻ፣ ፍሬን አዋቂ ነህ፤
ይህን ደግሞ ስማው፣ ምን ይልሃል ጆሮህ?»

ብዕር ነው ይሉታል፤ ቀለም ግን አያውቅም፣
ደብዳቤ አልጻፈም፣ ፊርማ አላኖረም።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሆዷ ቆዳ ላይ
የጻፈው አንድ ነገር፦ «ዛሬን ደግሞ እንይ።»
ገላው ብረት ነው፤ አንገቱ ተፋፍቋል፤
ኢንሱሊኑ ሲያልቅ ብልቃጡ ይጣላል፣
እሱ ግን ይቀራል።

ባሏ ታሊቫልዲስ ገዝቶ ያመጣ ለት
«ይሄስ እኔን ቀባሪ!» ብሎ ሳቀበት፤
በርግጥም ቀበረው፣ በሦስተኛው ክረምት።
ማመን ቀብሮ ነው ይባል የለ? ቀብራ አመነችው፤
ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችውም፣ ከጉያዋ ከተተችው።

«ባለፈው ሐሙስ» አለች፣ «አሥራ ስምንት ሞላሁ፤
ጠቅ ጠቅ አለ እንደ ልማዱ፣ ዜሮውን አየሁ።
ስነቅለው ግን ጫፉ ላይ እንባ አቅርሯል።
ማታ ሜዛፓርክስ ጋ ጉሮሮዬ ደረቀ፤
መብራቱ ሁሉ ባለ ጥላ ሆኖ ታየኝ፣
አርባ ሰው ጭኜ ፌርማታው አመለጠኝ።
ነርሱ ኢልግቫርስ ‹ጣዪው!› አለኝ፤ ‹አርጅቷል፣
አዲስ በነፃ ይሰጥሻል፣ መሳቢያው ሞልቷል።›
መጣሉንስ እጥለው ነበር። ግን ጥፋቱን ሳላውቅ?»

ፈታሁት ከመብራት ሥር፣ በአጉሊ መነጽር፤
ጥርሱን አንድ በአንድ፣ ከጥግ እስከ ዳር።
የሚገፋው ዘንግ ጥምዝ ነው፤ አልተበላም፣ አልላላም፤
ሠሪውን ባገኘው እጁን ስሜ አልጠግብም።

ጥፋቱ መርፌው ነው። ትናንት የተሰካ፣
ምናልባት ከዚያም በፊት፣ ሳይነቀል፣ ሳይተካ።
ውርጭ ሲያገኘው የብልቃጡ ፈሳሽ ይኮማተራል፤
በዚያች በክፍቷ ቀዳዳ አየር ሾልኮ ይገባል።
ይኸው፦ ምስር የምታህል አረፋ፣ ካንገቱ ሥር ተቀምጣ፤
አውራ ጣት ሲጫን ትታመቃለች፣
ኋላ ትለቃለች፣ መርፌው ከሥጋ ሲወጣ።
ጠቅ ማለት ሌላ ነው፤ ጠብ ማለትም ሌላ።

«ስካይድሪቴ፣ ጠዋት ከጋራዥ ስትወጪ
ፍሬኑን ሞክረሽ ነው?»
«ምን ነክቶሃል! ሃያ ዘጠኝ ዓመት!
ሳልሞክር ወጥቼ አላውቅም፣ አንዲት ጠዋት!»
«ብዕሩንስ?»

ዝም አለች።
ውጭ አንድ ትራም ሐዲዱን እያፋጨ ዞረ።
«በፊት በፊት እሞክር ነበር፤ ሁለት ዩኒት ወደ አየር፤
ኋላ ማባከን መሰለኝ። ደግሞስ መቼ አሳፍሮኝ ያውቅ ነበር?»

እኔም ያልነገርኳት አለ፦
አንድ የጥር ሌሊት፣ ጣቴ በብርድ ደንዝዞ፣
ያልነካሁትን ፍሬን «ደህና» ብዬ ፈረምኩ።
ምንም አልሆነም።
ያ ምንም አለመሆኑ ነው እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ።
ባለ ቀለሙ ብዕር ዋሸ፤
ቀለም የሌለው፣ የተጠየቀውን ሠራ።

አዲስ መርፌ ሰካን። ጫፉን ወደ ጣራው አቀናን፤
በጥፍሯ መታ መታ አድርጋ አረፋዋን አባረርን።
ሁለት ዩኒት። ምንም።
ሁለት ዩኒት። ምንም።
«ጠብ የሚል ነገር የለውም» አለች፣ እንደ መሳቅ ብላ።
ሁለት ዩኒት።
ጠብ።
ዘይት ባጠቆረው ጠረጴዛ ላይ፣
ሐኪም ቤት ሐኪም ቤት የምትሸት አንዲት ነጠብጣብ።

አዲሱንም ወስዳለች፤ መሳቢያዋ ውስጥ ተኝቷል፣
ብረትም ቢሆን እኮ አንድ ቀን ይሞታል።
ሰማያዊው ግን ከጉያዋ ነው። ሌሊት አሥር ሰዓት ተኩል ላይ
ከትራሟ በር ሥር ብዕሯን አንስታ ወደ ሰማይ
ስትጠብቅ አያታለሁ፣ በመስኮቱ ውርጭ ቀዳዳ።
ከዚያ ትወጣለች፣ ፍሬኑን ትረግጣለች፤
አንዳንዴ ትዘገያለች፤ መርሐ ግብሩ ይናዳ።

እኔም ፊርማዬን አዘገያለሁ።